የማስፋፊያ ስሎት (በቀድሞ የግል ኮምፒዩተሮች)

የማስፋፊያ ስሎት በኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ላይ የሚገኝ፣ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ረጅምና ጠባብ ሶኬት ነው። ካርዱ በስሎቱ በኩል ከፕሮሰሰሩና ከሜሞሪው ጋር የሚገናኝባቸው የጋራ መስመሮች ደግሞ በአንድነት ባስ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አንድ የግል ኮምፒዩተር ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ማሽን ነበር። ስክሪን ላይ ጽሑፍ የሚያሳየው፣ ዲስክ የሚያነበው፣ ማተሚያውን የሚያዘው፣ አንዳንዴም ሰዓት የሚቆጥረው ሳይቀር ለብቻው ተገዝቶ የሚሰካ ካርድ ነበር። የግዕዝ ፊደል በስክሪን ላይ መታየት አለመታየቱም በስሎቱ ላይ ከተሰካው የቪዲዮ ካርድ ዓይነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የባስ አሠራር

ባስ የሚለው ስም ኦምኒቡስ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ለሁሉም» ማለት ነው፤ የከተማው አውቶቡስም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1970 ለፒ.ዲ.ፒ-8/ኢ ሚኒ ኮምፒዩተር የሠራውን ባስ በቀጥታ ኦምኒባስ ብሎ ሰይሞታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ክፍል ከእያንዳንዱ ጋር በተለየ ሽቦ ከማገናኘት ይልቅ ሁሉም በአንድ የሽቦ ረድፍ ላይ ይሰለፋሉ፣ ተራ ጠብቀውም ይነጋገራሉ።

የባስ መስመሮች በሦስት ይከፈላሉ። የአድራሻ መስመሮች ፕሮሰሰሩ ማንን እንደሚጠራ ይናገራሉ። የዳታ መስመሮች የሚላከውን ነገር ይሸከማሉ። የመቆጣጠሪያ መስመሮች ደግሞ ንባብ ይሁን ጽሕፈት፣ መቼ ይጀመር፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን ይወስናሉ። ከእነዚህ ጎን ለካርዶቹ ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ መስመሮች አሉ።

የአድራሻ መስመር አንድ በጨመረ ቁጥር የሚጠራው ቦታ እጥፍ ይሆናል። 16 መስመር 65,536 ቦታ፣ 20 መስመር 1,048,576 ቦታ፣ 24 መስመር ደግሞ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቦታ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ አድራሻ ሲያወጣ ሁሉም ካርዶች ይሰሙታል፤ የሚመልሰው ግን ያ አድራሻ የተሰጠው ካርድ ብቻ ነው። ሁለት ካርዶች አንድ አድራሻ ይዘው ከተገኙ ሁለቱም አንድ ላይ ይመልሱና የሚነበበው ነገር ትርጉም ያጣል። ከዚህ በታች የሚነሳው አብዛኛው ችግር መነሻው ይኸው ነው።

ከአልቴር እስከ አፕል

በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው መጽሔት በሽፋኑ ያወጣው አልቴር 8800 በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ በሚገኘው ሚትስ ኩባንያ የተሠራ ነበር። ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ነበረው። የሚትስ መሥራች ኤድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ ፕሮሰሰሩን ራሱን ሳይቀር በካርድ ላይ አድርገው ሁሉንም ካርድ ባለ 100 ፒን ሶኬት ላይ ሰኩት። ሌሎች ኩባንያዎች ለዚሁ ሶኬት የሚሆኑ ካርዶችን፣ ቀጥሎም እንደ ኢምሳይ 8080 ያሉ ሙሉ ኮምፒዩተሮችን መሥራት ጀመሩ። ተፎካካሪዎቹ «የአልቴር ባስ» እያሉ የባላንጣቸውን ስም ማስተዋወቅ ስላልፈለጉ ኤስ-100 የሚል ገለልተኛ ስም አወጡለት፤ በ1983ም በይፋ መለኪያነት ጸደቀ።

የኤስ-100 ንድፍ በጥንቃቄ የታሰበበት አልነበረም። ፍጥነት ያላቸው የሰዓት ምልክቶች ከመቆጣጠሪያ መስመሮች ጎን ለጎን ስለተዘረጉ አንዱ የሌላውን ምልክት ይረብሽ ነበር። ኤሌክትሪኩም ያልተስተካከለ 8 ቮልት ሆኖ ይመጣና እያንዳንዱ ካርድ ራሱ ወደ 5 ቮልት ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ሙቀት ያመነጫል። ያም ሆኖ ከአንድ ኩባንያ ገዝቶ በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ መሰካት የተቻለበት የመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር ባስ በመሆኑ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ መንገድ አስይዟል።

በ1977 የወጣው አፕል 2 ግን በንድፍ ጥራት ከዘመኑ የላቀ ነበር። ስቲቭ ዎዝኒያክ 8 ስሎት አደረገለት፤ ስቲቭ ጆብስ አንድ ለማተሚያ፣ አንድ ለሞደም፣ በድምሩ ሁለት ይበቃል ብሎ ተከራክሮ እንደነበር ዎዝኒያክ ደጋግሞ ተናግሯል። የንድፉ ብልህነት እያንዳንዱ ስሎት የራሱ የተወሰነ አድራሻ ያለው መሆኑ ነው። ካርዱ በየትኛው ስሎት እንደተሰካ ማዘርቦርዱ ስለሚያውቅ ባለቤቱ ምንም ማስተካከል አይጠበቅበትም። በተጨማሪ ከመጀመሪያው ስሎት በስተቀር ለእያንዳንዱ ስሎት 256 ባይት ቦታ ተይዟል፤ ካርዱ ራሱን የሚያሠራውን ፕሮግራም በዚያ ውስጥ ይዞ ይመጣል። በ1978 የወጣው ዲስክ 2 በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። በ1980 ማይክሮሶፍት ያወጣው ሶፍትካርድ ደግሞ ዜድ-80 የተባለ ሌላ ፕሮሰሰር በካርድ ላይ ይዞ በመምጣቱ አፕል 2 ለሌላ ዓይነት ማሽን የተጻፈውን የሲ.ፒ.ኤም ሶፍትዌር እንዲያሠራ አስችሎታል። ጆብስ በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ ግን አንድም ስሎት አልነበረውም፤ ስሎት ወደ ማኪንቶሽ የገባው በ1987 ነው።

የአይ.ቢ.ኤም ፒሲ

ነሐሴ 12 ቀን 1981 ለሕዝብ የቀረበው አይ.ቢ.ኤም ፒሲ 5 ስሎት ነበረው። እያንዳንዱ ስሎት 62 ፒን ሲኖረው 8 የዳታና 20 የአድራሻ መስመሮችን ይይዛል፤ ፍጥነቱም ከ8088 ፕሮሰሰሩ ጋር እኩል 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር። አምስት ስሎት ብዙ ቢመስልም ቶሎ ያልቃል፤ አንዱን የስክሪን ካርድ፣ አንዱን የፍሎፒ ዲስክ ካርድ ይወስዳሉ። ማዘርቦርዱ ሲጠፋ ቀንና ሰዓት የሚያስታውስ ባትሪ እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ሜሞሪ፣ ሰዓት፣ የማተሚያና የሞደም መውጫን በአንድ ካርድ ላይ የሰበሰበው የኤ.ኤስ.ቲ ሲክስፓክ ፕላስ በብዛት ተሸጠ። በ1983 የወጣው ኤክስ.ቲ ስሎቶቹን ወደ 8 አሳደገ፣ 63.5 ዋት የነበረውን የኃይል ማቅረቢያም ወደ 130 ዋት ከፍ አደረገ።

አይ.ቢ.ኤም የማዘርቦርዱን ሥዕላዊ ንድፍና የባስ መስመሮቹን ዝርዝር በመጽሐፍ አትሞ ይሸጥ ነበር። ይህ የካርድ ሠሪዎችን ገበያ ፈጠረ፤ ኮምፓክን የመሰሉ ኩባንያዎች ደግሞ ያንኑ ካርድ የሚቀበል አቻ ማሽን ለመሥራት ተጠቀሙበት። በ1984 ኤ.ቲ ሲመጣ የቆየውን ስሎት ሳይነካ ከጎኑ 36 ፒን ያለው አጭር ስሎት ተጨመረበት። ዳታው 16 ቢት፣ አድራሻው 24 መስመር ሆነ፤ የድሮ ካርድ ግን በፊተኛው ክፍል ብቻ ተሰክቶ መሥራቱን ቀጠለ። ይህ ባስ በኋላ አይ.ኤስ.ኤ ተባለ።

ካርድ የመሰካት ጣጣ

በአፕል 2 የተፈታው የአድራሻ ጉዳይ በአይ.ቢ.ኤም ማሽን ላይ ወደ ባለቤቱ ትከሻ ወረደ። እያንዳንዱ ካርድ ጃምፐር ወይም ዲፕ ስዊች የሚባሉ ጥቃቅን ማስተካከያዎች አሉት፤ ካርዱ የሚሰማበትን አድራሻና ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር ሰው በእጁ ይመርጣል። ይህ የመጥሪያ መስመር አይ.አር.ኪው ይባላል። በመጀመሪያው ፒሲ ላይ እንዲህ ያሉ 8 መስመሮች ነበሩ፤ 0 እና 1 በማዘርቦርዱ ለሰዓት ቆጣሪውና ለኪቦርዱ ስለተያዙ ለካርዶች የቀሩት 6 ብቻ ናቸው። ከእነርሱም 4 ለመጀመሪያው ሲሪያል መውጫ፣ 3 ለሁለተኛው፣ 5 ለኤክስ.ቲ ሃርድ ዲስክ፣ 6 ለፍሎፒ፣ 7 ለማተሚያ ተለምደዋል። ኤ.ቲ ሌላ ተቆጣጣሪ ቺፕ ጨምሮ አገልግሎት የሚሰጡትን መስመሮች 15 አድርሷቸዋል።

ነገሩን ያከበደው የአይ.ኤስ.ኤ ጥሪ በምልክቱ መነሳት ቅጽበት የሚታወቅ መሆኑ ነው። ሁለት ካርዶች አንድ መስመር ከተጋሩ የአንዱ ጥሪ በሌላው ሊዋጥ ይችላል። የታወቀው ምሳሌ ሞደምና ማውስ ነው። ሦስተኛው ሲሪያል መውጫ በልማድ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አይ.አር.ኪው 4ን ይጠቀማል። ማውሱ በመጀመሪያው መውጫ ላይ፣ የውስጥ ሞደም ካርዱ ደግሞ በሦስተኛው ላይ ከሆነ፣ ሞደሙ ስልክ ደውሎ መነጋገር ሲጀምር ማውሱ ይደርቃል፤ ወይም ማውሱ ሲንቀሳቀስ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሁለቱም ዕቃዎች ለየብቻ ሲፈተኑ ደህና ስለሚሆኑ ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በጥር 1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር ተጠቃሚዎች የሚገናኙት በስልክ መስመርና በሞደም ነበር። ከዚያ አስቀድሞም በአዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት አማካይነት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ እርሱም በስልክ መስመርና በሞደም የሚሠራ ነው።

የግዕዝ ፊደልና የቪዲዮ ካርድ

የመጀመሪያው ፒሲ ከሁለት የአይ.ቢ.ኤም የቪዲዮ ካርዶች አንዱን ይዞ ይሸጥ ነበር፤ ኤም.ዲ.ኤ የተባለው ባለ አንድ ቀለም ካርድና ሲ.ጂ.ኤ የተባለው ባለ ቀለም ካርድ። የአንደኛው ሜሞሪ ከ704 ኪሎባይት፣ የሁለተኛው ከ736 ኪሎባይት አድራሻ ስለሚጀምር ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ መሰካት ይቻላል። ኤም.ዲ.ኤ በስክሪኑ ላይ 80 በ25 ፊደል ያሳያል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ቁጥሩን፣ አንድ ባይት ደግሞ መልኩን ስለሚይዝ ለሙሉ ስክሪን 4,000 ባይት ይበቃዋል።

የፊደሎቹ ቅርጽ ግን በካርዱ ላይ በተበየደ ቺፕ ውስጥ አንዴ ተቀርጾ የቀረ ነበር። 256 ቅርጾች፤ የላቲን ፊደል፣ ጥቂት የግሪክ ፊደላት፣ የሰንጠረዥ መስመሮችና ሌሎች ምልክቶች። ሶፍትዌር ሊለውጣቸው አይችልም። በኤም.ዲ.ኤ ላይ ደግሞ ነጥብ በነጥብ የመሳል ዘዴ ፈጽሞ ስለሌለ፣ ቺፑ ካልተቀየረ በስተቀር «ሀ»ን ማሳየት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ቺፑ ቢቀየርም ቁጥሩ አይበቃም። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ቋ እና ሟ ያሉት ዲቃላዎች፣ 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ256 ያልፋል። የላቲን ፊደልና ለዶስ ትእዛዝ የሚያስፈልጉት ምልክቶች ደግሞ ቦታቸውን አይለቁም።

ሲ.ጂ.ኤ ነጥብ በነጥብ መሳል ይችላል፤ ሆኖም የፊደሉ ሣጥን 8 በ8 ነጥብ ብቻ ነው። በፊደልና በፊደል መካከል አንድ ነጥብ ክፍተት ሲተው ለአግድሙ 7 ነጥብ ይቀራል። እንደ ሐ፣ ጠ እና ጨ ያሉ ሦስት እግር ያላቸው ፊደላት ለእግሮቹና ለመካከላቸው ብቻ 5 ነጥብ ይወስዳሉ። የቀሩት 2 ነጥቦች የካዕቡን ቅጥያና የኃምሱን ቀለበት ለይቶ ለማሳየት አይመቹም፤ ጡ እና ጤ በቀላሉ ይምታታሉ።

መፍትሔው በከፊል የመጣው ከሌላ ባለ ፊደል አገር ሰው ነው። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ ታይላንዳዊ በአሜሪካ የዶክትሬት ጽሑፉን በራሱ ፊደል በአይ.ቢ.ኤም ፒሲ ለመጻፍ ስላልቻለ የራሱን የቪዲዮ ካርድ ነደፈ። በ1982 የተሠራው ይህ የሄርኩሌስ ግራፊክስ ካርድ በርካሹ ባለ አንድ ቀለም ስክሪን ላይ 720 በ348 ነጥብ ይስላል። ለታይ ፊደል የተበጀው በር ለሌሎች ፊደላትም ተከፈተ። ዋጋው ግን በፍጥነት ተከፈለ፤ ሙሉ ስክሪን 31,320 ባይት ስለሚሆን ፕሮሰሰሩ በጽሑፍ ዘዴ ከሚያንቀሳቅሰው ወደ 8 እጥፍ የሚጠጋ ዳታ በዚያው 8 ቢት ባስ ማሳለፍ አለበት። ገጹ ወደ ላይ ሲጠቀለል ዝግታው በዓይን ይታያል።

ሌላው መንገድ የፊደሎቹን ቅርጽ ከቺፕ አውጥቶ ሊጻፍበት ወደሚችል ሜሞሪ ማዛወር ነበር። በ1984 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም ኢ.ጂ.ኤ ካርድ ይህን ፈቀደ። ሶፍትዌሩ ሲነሳ የራሱን ቅርጾች ወደ ካርዱ ይጭናል፤ አንድ የቀለም ቢት ከተሠዋለትም 256 የነበረው 512 ይሆናል። ይህ ሙሉውን የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ጋር በጽሑፍ ዘዴ ፍጥነት ለመያዝ በቂ ነው። በ1986 የወጣው ሄርኩሌስ ግራፊክስ ካርድ ፕላስ ደግሞ እስከ 3,072 ቅርጾች ይቀበል ነበር።

የግዕዝ ፊደልን በግል ኮምፒዩተር ለመጻፍ የተደረጉት ጥረቶች ከእነዚህ ካርዶች ጋር በአንድ ዘመን የተካሄዱ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም፣ በኮሎራዶ ደግሞ ዶክተር አበራ ሞላ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌር አዘጋጅተዋል። በአገር ቤት በኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን የተሠራው አጋፋሪ ይጠቀሳል። እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ስለሰየማቸው በአንዱ የተጻፈው ሰነድ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ነበር። ከዊንዶውስ 3.1 በኋላ የፊደል ቅርጽ ከካርዱ ወጥቶ ወደ ፎንት ፋይል ተዛወረ፤ የ256ቱ ገደብ ግን ተከትሎ ስለሄደ አንድ የአማርኛ ፎንት ሁለትና ሦስት ፋይል ላይ ይከፈል ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቁጥሮችን በመመደብ ችግሩን ከሥሩ ፈትቶታል።

የባሶች ፉክክር

በሚያዝያ 1987 አይ.ቢ.ኤም የፒ.ኤስ/2 ማሽኖቹን ማይክሮ ቻነል ከተባለ አዲስ ባስ ጋር አወጣ። በቴክኒክ ረገድ ከአይ.ኤስ.ኤ እጅግ የተሻለ ነበር፤ እስከ 32 ቢት ይደርሳል፣ ጃምፐር የለውም፣ አይ.አር.ኪው ማጋራትም ይቻላል። ነገር ግን የድሮ ካርድ አይቀበልም፤ ሊሠራው የሚፈልግ ኩባንያም ለአይ.ቢ.ኤም የፈቃድ ክፍያ መክፈል ነበረበት። በመስከረም 1988 ኮምፓክን ጨምሮ 9 ኩባንያዎች ኢ.አይ.ኤስ.ኤ የተባለውን ተፎካካሪ አስተዋወቁ። የዚህ ስሎት ፒኖች በሁለት ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ የድሮ ካርድ ላይኛው ደረጃ ላይ ይቆማል፣ አዲሱ እስከ ታች ይዘልቃል። ውድ ስለነበር ከሰርቨሮች ብዙም አልወጣም። አይ.ኤስ.ኤ የሚለው ስም የተለመደውም በዚህ ፉክክር ወቅት ነው።

ዊንዶውስ ሲስፋፋ ስክሪኑ የሚፈልገው ዳታ ከ8 ሜጋኸርዝ አካባቢ አልፎ መሄድ ከማይችለው አይ.ኤስ.ኤ አቅም በላይ ሆነ። በ1992 የመጣው ቬሳ ሎካል ባስ የቪዲዮ ካርዱን በቀጥታ ከ486 ፕሮሰሰር መስመሮች ጋር አገናኘው። ፈጣንና ርካሽ ነበር፤ ግን ከ486 ጋር ስለተጣበቀ ከእርሱ ጋር አረጀ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ያወጣው ፒ.ሲ.አይ ከየትኛውም ፕሮሰሰር ነፃ ሆኖ የተነደፈ ነው፤ 32 ቢት በ33 ሜጋኸርዝ፣ በሴኮንድ እስከ 133 ሜጋባይት። እያንዳንዱ ካርድ ማን እንደሆነና ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ ራሱ ይናገራል፤ ማሽኑ ሲነሳ አድራሻና አይ.አር.ኪው ይታደለዋል። አፕል 2 በ1977 ካደረገው ጋር ዓላማው አንድ ነው። ለጥቂት ዓመታት ማዘርቦርዶች ሁለቱንም ዓይነት ስሎት ይዘው ይወጡ ነበር፤ ጥቁሩና ረጅሙ አይ.ኤስ.ኤ፣ ነጩና አጭሩ ፒ.ሲ.አይ። አይ.ኤስ.ኤ ከአዳዲስ ማሽኖች የጠፋው በ2000 አካባቢ ነው።

አሮጌ ማሽን ሲጠገን

ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ማሽን ካልነሳ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የካርዱና የስሎቱ መነካካት ነው። ካርዱ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ይወጣል፣ የወርቅማ ጥርሶቹ በነጭ ላጲስ ቀስ ተብለው ይታሻሉ፣ ፍርፋሪው ተራግፎ ይመለሳል። ካርድ ወጥቶ ባዶ የቀረ የጀርባ ቀዳዳ በቆርቆሮው መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ማራገቢያው በበጋ አቧራውን በዚያ በኩል ይስባል፣ በካርዶቹ ላይ ማለፍ የነበረበትም ነፋስ አቋርጦ ይሄዳል። ይህ በደጋ ከተሞች የበለጠ ያስፈልጋል። ጎንደርና አይከል ባሉበት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው።

ከኤ.ቲ ዘመን ወዲህ ባሉት ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ከኪቦርዱ መሰኪያ አጠገብ እንደ በርሜል ያለ የሚሞላ ባትሪ ተበይዶ ይገኛል። ባትሪው ሲያረጅ ይፈስና ወደ ቅርቡ ስሎት የሚሄዱትን የመዳብ መስመሮች ይበላል፤ ምልክቱም አረንጓዴ ዝገት ነው። የፈሰሰው ነገር አልካሊ በመሆኑ በጥጥ በተነከረ አቼቶ ይረክሳል፣ ከዚያ በንጹሕ አልኮል ይታጠባል። ከአሜሪካ በመጣ ማሽን ላይ ደግሞ ከጀርባ ያለው ቀይ ማዞሪያ 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ሳይዞር መሰካት የለበትም፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ስለሆነ የኃይል ማቅረቢያው ወዲያውኑ ይቃጠላል።